አንድ ጋዜጣ ለሁለት ጠላ ቤት

መሪጌታ ማሩ ውሸታም ሰው አልነበረም። ትክል ድንጋይ በምትባለው ከተማ ስሙ ሲነሳ «ያ ቀጣፊ» የሚሉት ጋዜጣ ሲያነብላቸው አፋቸውን ከፍተው ይሰሙ የነበሩት ራሳቸው ናቸውና ነገሩ ያበሽቃል። ማሩ የሠራው የተማረውን ነው። ጎንደር ትርጓሜ ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጧል። እዚያ ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ አይበቃም። መምህሩ ንባቡን ያሰማሉ፣ ዘይቤውን ማለት ቃሉ እንደ ተጻፈ የሚለውን ይናገራሉ፣ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ያመጣሉ፤ ደግሞ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። አንዱ ሌላውን አያፈርስም፤ ተማሪው ሁሉንም ይይዛል። አባቱ ሞተውበት ትምህርቱን አቋርጦ አገሩ ሲመለስ ምንም ማዕረግ አልነበረውም። መሪጌታ ያሰኘው ጠላ ቤት ነው።

ጋዜጣው ከጎንደር በሳምንት አንዴ፣ በገበያ ቀን፣ በጭነት ማኪና ይመጣል። የሚመጣው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ቶሎ ቶሎ ያየውና ለማሩ ይሰጠዋል። ማሩ መጀመሪያ ከገበያው በላይ ወዳለው የውዴ ጠላ ቤት ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ከገበያው በታች ወዳለው የእናኑ ጠላ ቤት ይወርዳል። ውዴ ቤት የሚጠጡት ባላገሮቹ ርስተኞች ናቸው፤ ግብር የሚባል ነገር ሲነሳ ፊታቸው የሚጠቁር። እናኑ ቤት የሚጠጡት የወረዳው ጸሐፊዎች፣ ነጭ ለባሽ የሚባሉት የመንግሥት ታጣቂዎችና የጭቃ ሹም ዘመዶች ናቸው። ሁለቱ ወገኖች ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። ማሩን «ለምን ሁለቱም ቤት ትገባለህ?» ብለው ሲቀልዱበት፣ «የጎንደር ሊቃውንትስ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብለው በትርጓሜ ይለያዩ የለምን?» ይላቸዋል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንደ ተጻፈው ያነብ ነበር። እንግዳ ተቀበሉ፣ ድልድይ መረቁ፣ ንግግር አደረጉ። ሰዉ ያዛጋል፣ ወሬውን ይቀጥላል፣ አንዳንዱም ተነስቶ ይወጣል። አንድ ቀን አያ ክንዴ የሚባሉ አዛውንት ርስተኛ፣ «ምነው መሪጌታ፣ ዘይቤውን ሰማን፤ ምሥጢሩስ?» አሉት። ጋዜጣው የጻፈው አንድ ሹም መንገድ መጎብኘታቸውን ነበር። ማሩ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አንድም፣ ማኪናቸው ጭቃ ውስጥ ቢቀር አፍረው ተመለሱ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ውዴም ሳይጠይቃት ሁለተኛ ጣሳ ሞላችለት። ከቀትር በኋላ እናኑ ቤት ያንኑ ወሬ አነበበና፣ «አንድም፣ መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ለመንግሥት ሠራተኛም ደሞዝ ይጨመራል» አለ። እዚያም ተሞላለት። ቀስ በቀስ ዘይቤው እያጠረ፣ አንድሙ እየረዘመ ሄደ። በመጨረሻ ዘይቤውን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ።

ማሩን ያበላሸው ግን ጠላው አይደለም። ጠላ የትም ይገኛል። አርባ ሰው ትንፋሹን ውጦ ከአፉ የሚወጣውን ሲጠብቅ ማየት፣ ባዶ እጁን ከትምህርት ቤት ለተመለሰ ሰው ከጠላ ይበልጣል።

የሚኖረው ከከተማዋ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ዳገት ላይ፣ ሾላ ሜዳ በምትባል መንደር፣ ከታናሽ እኅቱ ከእንኳየሁ ግቢ ነበር። ባሏ አዘዘ ሸጋ ገበሬ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። ማሩን እንደ ታላቅ ወንድሙ ያየዋል። በየገበያው ቀን ውዴ ቤት ከፊት ተቀምጦ ይሰማና፣ ማታ ለመንደሩ ሰው ቃል በቃል ይደግመዋል። «ማሩ አንብቦታል» ካለ ሾላ ሜዳ ላይ ክርክር የለም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር የሚባል ነገር መጣ። ገማቾች እየወጡ የገበሬውን እህል አውድማው ላይ አይተው ይገምታሉ ተባለ። ሰዉ ደነገጠ፤ ግምቱ ለግብር ነው ቢባልም፣ ርስታችንን ሊለኩ ነው ብሎ ያላመነ አልነበረም። በጥር ወር አንድ ገበያ ቀን ጋዜጣው ስለዚሁ ጻፈ። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ ገማቾች በየወረዳው ይወጣሉ፣ ሕዝቡ ይተባበራቸው፣ በማይተባበሩ ላይ እንደ ሕጉ ይፈጸማል።

ውዴ ቤት ያን ቀን መቆሚያ አልነበረም። ማሩ ጽሑፉን በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ማንም አልሳቀም፣ ማንም አልጠጣም። አዘዘ ዓይኑን ከማሩ ላይ አልነቀለም። ማሩ እነዚያን ፊቶች አየና አንጀቱ አልችል አለ። «አንድም» አለ፣ «ሕዝቡ አልፈልግም ካለ ገማቹ አውድማ ሳይረግጥ ይመለሳል። አጃቢውም እንዳይተኩስ ታዟል።» ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ከቀትር በኋላ እናኑ ቤት ሲገባ ደግሞ፣ አለኸኝ የሚባል ለጋ ነጭ ለባሽ ጠላውን ሳይነካ ጠብቆታል። ከገማቾቹ ጋር ሾላ ሜዳ እንዲወጣ ታዞ ነበርና ፈርቷል። ማሩ ለእሱም አዘነለት። «አንድም» አለ፣ «የማይተባበር ሽፍታ ነው፤ ሽፍታ የመታ አይጠየቅም።» አለኸኝ ጣሳውን አነሳ።

ከዚህ አንዱም ጋዜጣው ላይ አልነበረም።

በሳምንቱ ሦስት ገማቾችና አራት ነጭ ለባሾች ሾላ ሜዳ ወጡ። የመንደሩ ወንዶች ጠመንጃቸውን ሊያወጡ ሲሉ የከለከላቸው አዘዘ ነው። «ምን ያደርግላችኋል? አይተኩሱም እኮ። ማሩ አንብቦልናል» አላቸው። እሱም መንሹን ብቻ ይዞ ከገብስ ክምሩ ፊት ቆመ። ማሩ አጥሩን ተደግፎ ያያል። ከነጭ ለባሾቹ መካከል አለኸኝን አየ።

«ወንድሞቼ፣ በመጣችሁበት ተመለሱ» አለ አዘዘ። «ሕጉን ሰምተናል።»

«እኛም ሰምተናል» አለ አለኸኝ። «ገለል በል!»

አዘዘ ወደ አጥሩ ዞረ። «አያ ማሩ፣ ንገራቸው እንጂ! ጋዜጣው ምን ይላል?»

አለኸኝም ዞረ። «አዎ፣ መሪጌታ ይንገሩት! ጋዜጣው ምን ይላል?»

ሁለቱም በሙሉ እምነት ማሩን ያዩታል። ሁለቱ ቤቶች እንዲህ አንድ አውድማ ላይ ይገናኛሉ ብሎ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም ነበር፤ ቢባል ማን ያምናል? ግን አላሰበም። አንድ ቃል፣ «አላልኩም» ወይም «የለበትም» ቢል ኖሮ አዘዘ ገለል ይል ነበር። ዝም አለ። አዘዘ ዝምታውን እንደ ይሁንታ ቆጠረውና፣ መንሹን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እየሳቀ ወደ ገማቾቹ ሁለት እርምጃ ተራመደ።

አለኸኝ ተኮሰ።

ማሩ አልጮኸም፣ አልሮጠም። እኅቱ እየጮኸች ባሏ ላይ ስትወድቅ እንኳ ከቆመበት አልተነቃነቀም። እንዴት ይተኩሳል? ይህን ነበር የሚያስበው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው፣ እሱም ራሱ አይተኮስም ብሎ አምኖ ነበር።

አዘዘ ከተቀበረ በኋላ በመጣው የገበያ ቀን ጋዜጣው እንደ ልማዱ ደረሰ። ዲሬክተሩ ሲሰጠው ዓይኑን ማየት አልፈለገም። ማሩ ገልጦ አነበበ፤ አላመነምና እንደገና አነበበ። «የሾላ ሜዳ ሕዝብ ገማቾቹን በእልልታና በደስታ ተቀብሎ እህሉን አስገመተ» ይላል። የአዘዘ ስም የለም። ሬሳ የለም። ጩኸትም እልልታ ተብሏል። ማሩ ከትምህርት ቤቱ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጋዜጣው የመጣው ከትልቅ ቦታ ነው፣ በማተሚያ ነው፣ በማኅተም ነው። እሱ ለሁለት ጠላ ቤት የሚያደርገውን እነሱ ለአገር ያደርጉታል ማለት ነው?

እግሩን እየጎተተ ውዴ ቤት ወጣ። ቤቱ ሞልቷል። እንኳየሁም መጥታ ነበር፤ ሐዘንተኛ ጠላ ቤት አትገባምና ጥቁሯን ለብሳ ከደጅ ቆማለች። የመጣችው የባሏ ስም ሲነበብ ለመስማት ነው። ማሩ እንደ ተጻፈው አነበበና አጠፈው።

«ምሥጢሩስ መሪጌታ?» አሉ አያ ክንዴ።

«ምሥጢር የለውም። ውሸት ነው» አለ ማሩ። «ያለፈው ጊዜም፣ አይተኮስም ያልኩት ጋዜጣው ላይ አልነበረም። እኔ ነኝ የጨመርኩት። አዘዘን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ይወግሩኛል ብሎ ጠብቆ ነበር። እንዲወግሩትም ፈልጎ ነበር። ማንም አልተነሳም። እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ አያ ክንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ታች ቤት ስንት ጣሳ አጠጡህ?»

«አያ ክንዴ፣ በእግዚአብሔር ስም...»

«ያኔ ያነበብከው ነው እውነቱ» አሉ ሽማግሌው። «የቀጠፍከው ዛሬ ነው። ገዝተውሃል።»

«ገዝተውታል! ቀጣፊ!» አለ ቤቱ።

ስንት ዓመት ያልነበረውን ሲያነብ አንድ ሰው ተጠራጥሮት አያውቅም፤ ዛሬ እውነቱን ቢነግራቸው ውሸታም ሆነ! ወደ ደጁ ዞረ፤ ቢያንስ እኅቱ ታምነው እንደሆነ ብሎ። እንኳየሁ ግን እንባዋ ደርቆ አፍጥጣ ታየዋለች።

«ምነው አያ ማሩ?» አለችው። «አዘዘ ሕግ ይዞ ነው የሞተው። በከንቱ ሞተ ልትለኝ ነው?»

ነጠላዋን አጣፍታ ዳገቱን ወጣች። ማሩ ሊከተላት አልደፈረም።

ቁልቁል እናኑ ቤት ወረደ። አለኸኝን ከጥግ ብቻውን ተቀምጦ አገኘውና ጆሮው ላይ ያንኑ ነገረው። ልጁ አመድ መሰለ። ከዚያ ጣሳውን አስቀምጦ፣ ቀስ ብሎ፣ «የመታ አይጠየቅም ብለው አንብበውልኛል መሪጌታ» አለ። «አሁን የለበትም ካሉኝ እኔ ምን ልሆን ነው? ሐዘን ነው እንዲህ የሚያስለፈልፍዎ። ይሂዱ፣ ይተኙ።» ሌሎቹም «ይሂዱ፣ ይሂዱ» እያሉ በትሕትና እስከ በሩ ሸኙት።

ከዚያ ወዲያ ማሩ ጋዜጣ አልተቀበለም። እንኳየሁም በአንድ ግቢ እየኖሩ አታናግረውም። በወሩ፣ በገበያ ቀን፣ ጨው ሊገዛ ወርዶ በውዴ ደጅ ሲያልፍ እልልታ ሰማ። ልቡ አልችል ብሎት ጠጋ አለ። ቤቱ ከምንጊዜውም ይበልጥ ሞልቷል። ከመደቡ ላይ ጋዜጣውን ዘርግቶ የተቀመጠው ኃይለ ማርያም ነው፤ ኃይለ ማርያም፣ የበቅሎ ነጋዴው።

«...ታላላቆቹም ይህን በሰሙ ጊዜ» ይላል በሚያስገመግም ድምፅ፣ «ስለ ጀግናው ስለ አዘዘ አለቀሱ። የተኮሰውም ይቀጣል። አንድም...»

ኃይለ ማርያም ፊደል አልቆጠረም። የክስ ማመልከቻውን ሁሉ ሲጽፍለት የኖረው ማሩ ራሱ ነው፤ ነጋዴው አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ያትም ነበር። ያተመውም በዚሁ ጠላ ቤት፣ በእነዚሁ ሰዎች ፊት ነው። ማሩ የሚገረም አንድ ሰው ፍለጋ ፊቶቹን ሁሉ ቃኘ። አያ ክንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

«ውዴ» አለ፣ «ይህ ሰው እኮ ማንበብ አይችልም!»

ውዴ ቶሎ መጥታ ክንዱን ያዘችው፤ ወደ ውጭ ገፋ አደረገችውና ጆሮው ላይ፣ «ተወን በናትህ መሪጌታ። እናውቃለን» አለችው።

በትከሻዋ አሻግሮ አየ። እንኳየሁ ከውስጥ ናት፤ ከፊት፣ አዘዘ ይቀመጥበት ከነበረው ቦታ ተቀምጣለች።

«ኃይለ ማርያም፣ እስቲ የአዘዘን ድገመው» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ኃይለ ማርያም ገጹን ገለጠና ያንኑ ደገመላት።