ጨዋ ልጅ ያልናት

ልጄ ቤዛ ሁለት ዓመት ሲሞላት በስሟ ስጠራት አትዞርም ነበር። የድስት ክዳን ከእጄ ሲያመልጥ ግን ትደነግጣለች። ጆሮዋ ደህና ነው ብዬ ተውኩት። የመጀመሪያው ምልክት እሱ ነበር።

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ የምንኖረው ሲያትል አጠገብ ዴ ሞይን ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሌላው ልጅ ሲሯሯጥ የእኔዋ ጭኔ ላይ ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ስትጠመዝዝ ታረፍዳለች። የእናቶች ኅብረት መሪያችን እትዬ ወርቅነሽ፣ "እንዲህ ያለች ጨዋ እንዴት አሳደግሽ? በይ የእኛንም አውሬዎች ወስደሽ አሠልጥኝልን" ይሉኝ ነበር። ደስ ይለኛል። እኔም በልጅነቴ የተመሰገንኩት በዝምታዬ ነው።

በዚያው ዓመት ለክትባት ስወስዳት የክሊኒኩ ነርስ "ስፔሻሊስት ይያት" ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ወረቀቱን አጥፌ የባዮሎጂ መጽሐፌ ውስጥ ከተትኩት፤ በሠላሳ አራት ዓመቴ ኮሌጅ ጀምሬ ነበር። ሁለት ዓመት እዚያው ቆየ።

በአራት ዓመቷ ተመረመረች። ሐኪሙ "ኦቲዝም ነው" አሉኝ።

"ከእኔ ዝምታ ነው የመጣባት?"

"አይደለም። ከመወለዷ በፊት በአንጎል ሴሎች ላይ የጀመረ ልዩነት ይመስለናል። የትኞቹ ሴሎች እንደሆኑ ገና በደንብ አናውቅም።"

ከዚያ ሁለት ሥዕል አሳዩኝ። "የጦጣ አንጎል ሲወለድ ብዙውን እድገቱን ጨርሷል። የሰው ግን ከተወለደ በኋላ ለዓመታት ያድጋል። በጊዜ እንድትመጡ የምንፈልገው ለዚህ ነው።"

ሥዕሉን አውቀዋለሁ። መጽሐፌ ውስጥ አለ። ለፈተና አጥንቼዋለሁ። የነርሷ ወረቀት ያለው ከዚያ ጥቂት ገጽ አልፎ ነው።

ሐኪሙ የላኩን የንግግር ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን የሳሙና አረፋ እየነፋችላት፣ ቤዛ በጣቷ እስክትጠቁም ሳትቸኩል እየጠበቀች፣ ከጠቆመች በኋላ ደግሞ አንድ ድምፅ እስክታወጣ እየጠበቀች፣ ሦስት ዓመት አብራን ለፋች። ኦቲዝሙ አልጠፋም። መግባቢያ ግን አገኘን። ሰባት ዓመት ከሞላት በኋላ አንድ እሑድ ስብከቱ ሲረዝም ቤዛ ጮክ ብላ "ማሚ፣ ሌትስ ጎ" አለች። ሰው ሁሉ ዞረ። እትዬ ወርቅነሽ ከኋላ "እውነቷን ነው፣ እኛም ርቦናል" አሉ።

ልጃችሁ ሲጠራ ካልዞረ ጨዋነት ነው አትበሉ። ሐኪም ጠይቁ፤ ወረቀት ከሰጧችሁ በዚያው ሳምንት ሂዱ። ለባለሙያዋ ምስጋናዬ አያልቅም። ነርሷንም ላመሰግናት ሄጄ ነበር፤ ሥራ ለቃለች አሉኝ። ወረቀቷ አሁንም እኔ ጋ ነው። የሰጠችኝ ቀን ተጽፎበታል።