ስኳሩ ጭኔ ላይ የቀረበት ሳምንት

ከሰቆጣ በወጣሁበት ዋዜማ አባቴ አላለቀሱም፤ አዘዙኝ እንጂ። መሪጌታ ናቸው፤ ሲጸልዩ በግእዝ፣ ሲመክሩ በአማርኛ፣ ሲቆጡ በኽምጥኛ ነው። ያን ምሽት ሦስቱንም ተጠቀሙ። «ጾሙን እንዳትተው። ስግደቱን እንዳትተው። የፈረንጅ አገር ወለል ልስልስ ነው ብለውኛል፤ ምንም ምክንያት የለህም» አሉኝ። እህቴ የወልድያው አውቶቡስ ንጋት ላይ እንደሚነሳ ደጋግማ እያስታወሰችኝ ሻንጣዬ ውስጥ ማር ትወትፋለች። እኔ የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ ጀርመን ማስተርስ እንድማር የተቀበሉኝበትን ደብዳቤ ሐሰት እንዳይሆን እየፈራሁ አሁንም አሁንም አነባለሁ። ሁለት ዓመት ተምሬ እመለሳለሁ ብዬ ነበር የወጣሁት። ይኸው ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው።

ጀርመን እንደደረስኩ መጀመሪያ የተማርኩት ቃል «ተርሚን» ነው። ቀጠሮ ማለት ነው፤ ግን እናንተ እንደምታውቁት ያለ ቀጠሮ እንዳይመስላችሁ። ለነዋሪነት ልመዘገብ አንድ ቢሮ ሄድኩ።

«ተርሚን አለዎት?» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«የለኝም፤ ግን መጥቻለሁ።»

«ተርሚን ከሌለዎት አልመጡም።»

«ፊትዎ ቆሜያለሁ እኮ!»

«ለመቆምም ተርሚን ያስፈልጋል።»

ብርዱን አትጠይቁኝ። የእኛ አገር ብርድ ጠዋት መጥቶ ፀሐይ ስትወጣ ይሰናበታል፤ የዚህኛው ቤት ተከራይቶ ተቀምጧል። እንጀራ ቅዳሜ ቅዳሜ ከከተማው ማዶ ካለ ሱቅ እገዛለሁ፤ በየሳምንቱ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ይመጣል፤ ከእኔ የተሻለ ቪዛ አለው። ትምህርቴን ስጨርስ ሥራ ያገኘሁት የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ነው። አለቃዬ ማስተርስ እንዳለኝ ሲሰማ «ጥሩ ነው፣ ሣጥኖቹን በደንብ ይቆጥራል» አለ። እኔም በደንብ ቆጠርኩ።

በአራተኛው ዓመት ሆዴ ይረብሸኝ፣ ፊቴ ያለ ምክንያት ይግል ጀመር። የሰፈሩ ሐኪም ምን እንደምበላ ሲጠይቀኝ ስለ በርበሬ ነገርኩት። በቃ፣ ዓመት ሙሉ ጥፋተኛው በርበሬ ሆነ። በርበሬ ተውኩ፤ አልጫ ብቻ በላሁ፤ ፊቴ ግን መጋሉን አልተወም። በመጨረሻ አልትራሳውንድ ያነሳችኝ ሴት ጉበቴ ላይ ሦስት ነጠብጣቦች አየች። ናሙና ተወሰደ። ከአንጀት ተነስቶ ጉበት ላይ የተቀመጠ ካንሰር ነው ተባልኩ።

ለአባቴ ስደውል ምን እንደምላቸው ጠፋኝና «ጉበቴ ላይ ሦስት ነገር አለ፣ አባ» አልኳቸው። «ሦስት» አሉ። ከዚያ እስክርቢቶ ሲፈልጉ ሰማሁ።

ወደ አንድ ሆስፒታል ኑክሌር ሕክምና ክፍል ተላክሁ። ምድር ቤት ነው። ዶክተሯ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ፈጥነው የሚናገሩ ሴት ናቸው።

«ሁለት መርፌ ይወጋሉ፤ ሁለቱም ጨረር አላቸው፤ ማሽኑ ጨረሩን ተከትሎ ሥዕል ያነሳዎታል» አሉኝ።

«አንዱ አይበቃም?»

«አይበቃም። የመጀመሪያው የሚለጠፈው ቀስ ብሎ በሚያድግ፣ ቀርፋፋ ዕጢ ላይ ነው። ሁለተኛው መርፌ ጨረር የታሰረበት ስኳር ነው፤ ፈጥኖ የሚያድግ፣ ቸኳይ ዕጢ ስኳር ይወዳል። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ስናስቀምጥ የቱ ቀርፋፋ፣ የቱ ቸኳይ እንደሆነ እናውቃለን። በአንዱ ብቻ ብንፈርድ ልንሳሳት እንችላለን።»

ቀርፋፋ ከሆነ በመድኃኒት እየተያዘ ለዓመታት አብሮኝ ሊኖር ይችላል። ቸኳይ ከሆነ ስለ ዓመታት ደፍሮ የሚያወራ የለም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ ሣጥን ስቆጥርም፣ ባቡር ስጠብቅም ቀርፋፋ ነው ወይስ ቸኳይ እያልኩ ከራሴ ጋር ነበርኩ። ፈራሁ። አገሬን ሳላይ እንዳልሞት ፈራሁ።

ሰቆጣ ሳለሁ ስለ ጨረር በጠመኔ ብዙ አስተምሬያለሁ። አንድ ጨረር አመንጪ ነገር ኃይሉ በግማሽ እስኪቀንስ የሚፈጅበትን ጊዜ ተማሪዎቼ በእንቅልፍ ልባቸው ሳይቀር ያሰሉት ነበር፤ ነገሩን ግን እኔም እነሱም በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ያን ቀን ዶክተሯ ፊት ደፈር አልኩና «ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለምን አትወጉኝም?» አልኳቸው። ከሁለቱም የሚወጣው ጨረር ለማሽኑ አንድ ዓይነት ነው፣ የቱ ከየትኛው እንደመጣ አይለይም፣ ስለዚህ የመጀመሪያው እስኪደክም ይጠበቃል አሉኝ። በግማሽ ለመቀነስ አንድ ሰዓት ከምናምን ይፈጅበታል ሲሉኝ ከሰዓት በኋላ ስንት እንደሚቀር እዚያው በቃሌ አሰላሁላቸው። ተገረሙ። የተማርኩት ትምህርት ጀርመን ውስጥ የጠቀመኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ተርሚኑ በሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ላይ ዋለ። አባቴ ቀኑን ሲሰሙ «እግዚአብሔር ነው የመረጠው» አሉ። «ሰኞና ማክሰኞ በሰባቱም የጸሎት ሰዓት አርባ አንድ አርባ አንድ ስገድ። እኔም ከዚህ እሰግድልሃለሁ።»

ፈቃድ ወስጄ ሁለቱንም ቀን ክፍሌ ውስጥ ሰገድኩ። ወለሉ የጣውላ ነው፤ አባቴ እንዳሉት ልስልስ ነበር። እንደዚያ ከልቤ ሰግጄ አላውቅም። ማክሰኞ ማታ ጭኖቼ ዝለው፣ ልቤ ግን አርፎ ተኛሁ።

ረቡዕ ጠዋት የሚሞላ ቅጽ ሰጡኝ። «ባለፉት ሁለት ቀናት ስፖርት ሠርተዋል?» ይላል። የለም የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፤ በእውነት ነው የምላችሁ፣ ትንሽ እንኳ አላመነታሁም። ነርሷ የደሜን ስኳር ለክታ «እንደ እርስዎ በደንብ ጾሞ የመጣ አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ባለመብላቴ ስመሰገን የመጀመሪያዬ ነው። የመጀመሪያውን መርፌ ወግተው አነሱኝ። ከሰዓታት በኋላ ስኳሩን ወጉኝና ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አስተኙኝ። «አይንቀሳቀሱ፣ አያውሩ፤ ጡንቻ ከሠራ ስኳሩን ይወስደዋል» አለችኝ ነርሷ። እኔም እንደ ሬሳ ተጋደምኩ።

ሲያሰናብቱኝ እስከ ማታ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡር እንድርቅ ነገሩኝ። እኔ ደግሞ ጨዋ ነኝ ብዬ ከሥሬ ባለው ፎቅ ለሚኖሩት አከራዬ፣ ለፍራው (ወይዘሮ እንደማለት ነው) ክራውስ፣ ደረጃው ላይ ሳገኛቸው ነገርኳቸው።

«ዛሬ ትንሽ ጨረር አለብኝ፤ ራቅ ይበሉ።»

«የደረጃውን መደገፊያ ነክተዋል?»

«ነክቻለሁ።»

ትንሽ አሰቡ። «የኪራይ ውሉ ላይ ስለ ጨረር የተጻፈ ነገር የለም» አሉና በራቸውን ዘጉ።

በማግስቱ ዶክተሯ ጠሩኝ። የመጀመሪያው ሥዕል ጥሩ ወጥቷል፤ ሦስቱም ነጠብጣቦች ይታያሉ፣ አንዱ ደብዘዝ ቢልም። ሁለተኛው ሥዕል ላይ ግን ጭኖቼ፣ ትከሻዎቼና ጀርባዬ ቦግ ብለው በርተዋል።

«ሮጠዋል?» አሉኝ።

«አልሮጥኩም።»

«ኢትዮጵያዊ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ።»

«እና አይሮጡም?»

«አውቶቡስ ሊያመልጠኝ ሲል ብቻ።»

አልሳቁም። «ስኳሩን ጡንቻዎ ወስዶታል። ለዕጢው ምን ያህል እንደደረሰው አላውቅም፤ በዚህ ሥዕል አልፈርድም» አሉ። ከሳምንታት በኋላ ይደገማል ተባለ። ሳምንታት! ቸኳይ ከሆነስ እስከዚያ ይጠብቀኛል?

ወደ ቤት ስመለስ ፍራው ክራውስ የደረጃውን መደገፊያ በጨርቅ እየወለወሉ አገኘኋቸው። ሆድ ብሶኝ ስለነበር የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

«ይህ ምኑ ያስገርማል?» አሉ ጨርቁን ሳይለቁ። «ሰኞና ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ጣሪያዬን ሲደበድቡት አልነበሩም? ጂምናስቲክ ነው ብዬ ቅሬታ መጻፍ ጀምሬ ነበር።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።

ለዶክተሯ ሄጄ ተናዘዝኩ። ስግደት ምን እንደሆነ በጀርመንኛ ማስረዳት ሲያቅተኝ ቢሮአቸው ውስጥ አንድ ጊዜ ሰግጄ አሳየኋቸው። ከወንበራቸው ተነስተው በደንብ አዩኝ።

«እንዲህ በቀን ስንት ጊዜ?»

«ሦስት መቶ ገደማ።»

«ይህ ስፖርት ነው።»

«ይህ ጸሎት ነው።»

«ጡንቻዎ ልዩነቱን አያውቅም» አሉ፤ ግን በለዘበ ድምፅ ነው። ለሁለተኛው ምርመራ ስሄድ ቅጹ ላይ ስፖርት ከሚለው አጠገብ «ወይም ጸሎት» የሚል በእጅ ተጨምሮ አየሁ።

አባቴን ግን ዋሸኋቸው፤ ማሽኑ ተበላሸ አልኳቸው። በስግደትዎ ምክንያት ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው? አዲሱ ተርሚን ከፋሲካ በኋላ በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ዋለ፤ ስግደት የሌለበት ወቅት ስለሆነ ለጭኔ ሰላም ነው። ችግሩ በኀምሳው ጾምም የለም፤ ስኳሩ ደግሞ ባዶ ሆድ ይፈልጋል።

«በበዓለ ኀምሳ ጾም?» አሉ አባቴ፤ ቀጥሎ የመጣው በኽምጥኛ ነበር። ሲበርድላቸው «ስትሰግድ ማሽኑ ይበላሻል፤ ማሽኑ ሲድን በፋሲካ ያስጾሙሃል። ምን ዓይነት አገር ነው?» አሉ።

«የሐኪም ትእዛዝ እንጂ ጾም አይደለም፣ አባ። ቁርስ ብቻ ነው የሚቀርብኝ።»

«እንግዲህ ቁርስህን ለምሳ ብላው» ብለው ፈቀዱልኝ።

ውጤቱን ልሰማ ስሄድ ዶክተሯ ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን ከፈቱ። ጭኖቼ ጨልመዋል። ጉበቴ ላይ ሁለቱ ነጠብጣቦች የሚታዩት በመጀመሪያው ሥዕል ብቻ ነው፤ ስኳር አልነኩም፣ ቀርፋፋ ናቸው። ሦስተኛው፣ ያ ደብዘዝ ያለው ትንሹ፣ በስኳሩ ሥዕል ላይ እንደ ፍም በርቷል።

«የመጀመሪያውን ሥዕል ብቻ ብናነሳ ኖሮ ሦስቱንም ቀርፋፋ እንል ነበር» አሉኝ። ሕክምናው ይለወጣል፤ ጠንከር ያለው በቶሎ ይጀመራል። ስንት ዓመት እንዳለኝ ስጠይቃቸው ዓይናቸውን ከእኔ ወደ እስክርቢቷቸው አዞሩ።

ከሆስፒታሉ ወጥቼ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ተቀመጥኩና ደወልኩ። እናንተ ታውቁታላችሁ፣ የሰቆጣ መስመር ሲፈልግ ይቆራረጣል፤ ወራት ሙሉ ጭራሽ የጠፋበት ጊዜም ነበር፤ ያኔ በሕይወት መኖራቸውን እንኳ ሳላውቅ ከርሜያለሁ። ያን ቀን ግን ጓሮ የምትጮኸው ዶሮ ሳትቀር ጥርት ብላ ትሰማኛለች። አባቴ ወዲያው አነሱት።

«ምን አሉህ?»

«ደህና ነው፣ አባ። ሁለቱ ቀርፋፋ ናቸው አሉ። በመድኃኒት እየተያዙ ለዓመታት አብረውኝ ይኖራሉ ብለውኛል።»

«ተመስገን! ተመስገን!» አሉ። ከዚያ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። «ሦስት ብለኸኝ ነበር።»

ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግሁት።

«ሦስተኛውስ?»

«ሃሎ? አባ? ሃሎ? መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፤ አይሰማኝም፣ አባ…»

«እኔ እሰማሃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው። «ንገረኝ።»