ሽንኩርቱ መሃል የበራችው ቀይ መብራት

ዛሬ ጠዋት መርሳ ከተማ አጠገብ ያለው የአጎቴ ማሳ ስደርስ መግቢያው በእሾህ ተዘግቶ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ራቅ ብሎ ቆሞ አገኘሁ።

ሽንኩርቱ መሃል አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች።

የኔ ነች። የአፈሩን እርጥበት እንድትለካ ትናንት በእጄ የተከልኳት፣ የክብሪት ሣጥን የምታክል ርካሽ ኮምፒውተር። በአንድ ፓወርባንክ ሳምንት ትሠራለች ብዬ ጥቁር ዕቃ ውስጥ ከትቼ፣ ሽቦዋን አፈር ውስጥ ቀብሬ ነበር። (ፈንጂ አስመስለህ ሥራ ብባል ከዚህ የተሻለ አልሠራም።) የነገርኩት ለአጎቴ ብቻ ነው፤ እሳቸው ደግሞ በጠዋት ወልድያ ሄደዋል።

እሾሁን የጣሉት ጎረቤታችን ጋሼ እንድሪስ ናቸው። ከጦርነቱ በኋላ ማሳ ውስጥ የተረገጠ ብረት ፈንድቶ በሬያቸውን ገድሎባቸዋል።

"ጋሼ፣ አይፍሩ። እኔ ነኝ የተከልኳት" አልኳቸው።

"ስትተክላት ቀይ ነበረች?"

አልነበረችም። አረንጓዴ ነበረች።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ግን ሰው ሁሉ እያየኝ ስለነበር እሾሁን ተሻግሬ ገባሁ። ከኋላዬ ኮቴ ስሰማ ዞርኩ፤ ጋሼ እንድሪስ የረገጥኩበትን እየረገጡ ይከተሉኛል።

"ይመለሱ እንጂ ጋሼ።"

"ብቻህን አትሄድም። ወላሂ አልመለስም።"

ደረስን። ሳምንት ይቆያል ያልኩት የፓወርባንኩ ባትሪ በአንድ ሌሊት እያለቀ ነበር። ሲያልቅ ቀይ አብሪ ብዬ ያዘዝኳት ራሴው ነኝ፤ ፍርሃት አስረስቶኝ ነው።

እዚሁ ማሳው ዳር ቆሜ ስለምጽፍ የፊደል ስህተት ካያችሁ እለፉልኝ። እናንተስ፣ የገዛ እጃችሁን ሥራ ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? ያኔ ማን ተከተላችሁ?