ብርብራ የቀደመው የዓሣ ምርመራ

ከአዲስ አበባ በማለዳ የወጣነው ለሮቢ ወንዝ አምባዛ ዓሣዎች ሐኪም ይዘንላቸው ነው። ሐኪሟ የእንስሳት ዶክተር የሆነችው ጓደኛዬ ሰላማዊት ናት። ባሕር ማዶ ስትማር፣ የተበከለ ባሕር ዶልፊኖችን ምን እንዳደረጋቸው ለማወቅ በሕይወት ተይዘው፣ ደማቸው ተቀድቶ ሲለቀቁ አይታለች። የሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ላይ የሚረጨው የተባይ መድኃኒት የወንዙን ዓሣ ጎድቶት እንደሆነ በዚያው መንገድ ልታውቅ ፈለገች። የእኔ ድርሻ መኪና መንዳትና የበረዶ ሣጥን መሸከም ነው።

ቁልቁለቱ

ጣርማ በር ላይ ጉም መንገዱን ስለዋጠው መብራት አብርተን ዋሻውን አለፍን። ደብረ ሲና ቆሎ ገዛን፤ ዋጋው ተወዷል፣ ጣዕሙ ግን እንዳለ ነው። ከዚያ ወዲያ ሹራብ እያወለቅን መውረድ ነው። ማንጎው፣ ማሾው፣ ከቦይ የሚጠጣው የሽንኩርት ማሳ! ይፋትን ያየ ሰው ቆላን አይንቅም።

ወንዙ ዳር

የተቀበሉን ጋሼ ተሾመ የሚባሉ የቀወት ገበሬ ናቸው። የማሽላ እንጀራ በሽሮ አብልተውን ወደ ወንዙ ወረድን። የክረምቱ ጎርፍ ሊመጣ ነው፤ ሰላማዊት ዛሬ ደም ካልቀዳች ሥራው ለከርሞ ይቀራል።

ወንዙ የሠራው ኩሬ ጋ ስንደርስ አምባዛዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል።

"ይኸው ዶክተር፣ መረብም አያሻሽ" አሉ ጋሼ ተሾመ ደስ ብሏቸው። "ልትደርሱ ስትሉ ብርብራ ወቅጬ ነሰነስኩበት። አባቶቻችንም እንዲህ ነው የሚያጠምዱ።"

ብርብራ ዓሣ የሚያሰክር የዛፍ ፍሬ ነው። ሰላማዊት ክው አለች። በብርብራ የሰከረ ዓሣ ደም ስለ ሽንኩርቱ መድኃኒት ምንም አይነግራትም። እኔ ብሆን እጮህ ነበር።

"ጋሼ፣ ደግ አስበው ነው" አለች ቀስ ብላ። "አሁን ግን እነዚህን እናድን። ንጹሕ ውሃ ከላይ አለ?"

"አለ እንጂ! ልፋትሽን ላቀልልሽ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።"

በሳፋ፣ በጀሪካን፣ በጋሼ ተሾመ ነጠላ ሳይቀር ዓሣዎቹን ወደ ላይ ተሸከምን። ሰላማዊት ወራጁ ውሃ ውስጥ ተንበርክካ የእያንዳንዱን ዓሣ አፍ ወደ ውሃው መምጫ አዙራ እስኪነቃ ትይዘዋለች። አንዳንዶቹ አልተመለሱም። ብዙዎቹ ግን እየተወራጩ ሄዱ፤ አንዱማ ፊቴን በጅራቱ ሳያጮለኝ አልሄደም። ገና የነቃ ዓሣ መርፌ አይችልም ብላ አንዲት ጠብታ ደም አልቀዳችም። በዚህም አኮራችኝ።

ጋሼ ተሾመ የሞቱትን አንድ በአንድ ወደ ዳር አወጡ።

"እፍኝ ብርብራ ይህን ካደረገ" አሉ በመጨረሻ፣ "እኛ እዚህ የምናጥበው የመድኃኒት መርጫስ?"

ዶማ አምጥተው ጎረቤቶቻቸውን ጠሩና ከወንዙ ርቀው የመርጫ ማጠቢያ ጉድጓድ መቆፈር ጀመሩ።

መልስ

በማግስቱ አዲስ አበባ ገባን። ሣጥኑን ሳወርድ በረዶው ቀልጦ ባዶ ብልቃጦች ይንሳፈፉበታል። ሐኪም ከጥናቱ በሽተኛውን ሲያስቀድም በዓይኔ ማየቴ ለእኔ በቂ ትምህርት ነው፤ ለእሷ ግን አዘንኩ።

"ከርሞ እንሄዳለን" አለችኝ። "መርጫው ወንዝ ውስጥ መታጠቡ ከቀረ ግን የምፈልገውን በሽታ ላላገኘው ነው። ጋሼ ተሾመ ጥናቴን ለሁለተኛ ጊዜ አበላሹብኝ ማለት ነው።"

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"እንዲያበላሹብኝ እየጸለይኩ ነው" አለች።