የመጨረሻው ፉርጎ ሰዎች

ተሳፋሪዎቹ «በርበሬው» ይሉታል፤ ሲቆጣ ጆሮው ሳይቀር ይቀላል። ዕድሜውን በከተማ ዳር ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠር የጨረሰ ሰው ነው። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ሆስፒታል ውስጥ የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በየማለዳው እሱ የሚሠራበትን ባቡር ከትንሿ ፌርማታ ትሳፈራለች።

የዚያች ፌርማታ መድረክ አጭር ነው። ባቡሩ ሲቆም ከመድረኩ ጋር የሚገጥመው የመጨረሻው ፉርጎ ብቻ ስለሆነ፣ በርበሬው የእሱን በር ብቻ በቁልፍ ይከፍታል። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ እዚያው ተኮልኩሎ ይጠብቃል።

ታዲያ ድርጅቱ ወጪ ልቀንስ ብሎ ተነሣና ተሳፋሪ የሚቆጥር ማሽን በሮቹ ላይ አስገጠመ። የመጨረሻው ፉርጎ በር ብቻ ሳይገጠምለት ሲቀር በጀት አለቀ ተባለ። ቁጠባቸው ይኼ ነው እንግዲህ! ውጤቱ ሲወጣ ከትንሿ ፌርማታ የሚሳፈር አንድም ሰው የለም። ስለዚህ ባቡሩ ከእንግዲህ እዚያ አይቆምም፤ ጊዜም ነዳጅም ይተርፋል ተብሎ ተወሰነ።

በርበሬው የኃላፊውን ቢሮ ሳያንኳኳ ገባ።

«ጌታዬ፣ ማሽኑ እኮ የኋላው በር ላይ የለም! እነዚያ ሁሉ ሰዎች ታዲያ ምንድን ናቸው?»

ኃላፊው መደንገጥ ቀርቶ ከሻዩ ቀና እንኳ አላለም። «አውቃለሁ» አለ። «ግን ቁጠባው ለበላይ ሪፖርት ተደርጓል። አሁን ተሳስተናል ብል እኔን ማን ያተርፈኛል?»

ባያውቅ ይሻል ነበር። ላላወቀ ያስረዱታል፤ እያወቀ ዓይኑን በጨው ታጥቦ የተቀመጠን ሰው ምን ያደርጉታል? በርበሬው በሩን በላዩ ላይ ወርውሮ ዘግቶበት ወጣ። በዚያ ሰዓት ሌላ መጓጓዣ የለም፤ የእህቱ አለቃ ደግሞ ያረፈደን ሰው ያባርራል።

አዲሱ ሥርዓት በተጀመረበት ማለዳ ባቡሩ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ወደ ፌርማታዋ ተጠጋ። በርበሬው በመስኮት አየ። ያው ሰዎች ያው ቦታቸው ላይ ቆመዋል፤ እህቱ ቦርሳዋን አቅፋ እጇን ታውለበልባለች። ደሙ ፈላ። ሁለቴ ሳያስብ የአደጋ ማቆሚያውን እጀታ ጎተተው።

ባቡሩ ሲጢጥ እያለ ከመድረኩ አልፎ ቆመ። ሰዎቹ በሐዲዱ ዳር፣ በጠጠሩ ላይ እየተደናቀፉ ሮጠው መጡ። በርበሬው በሩን ከፍቶ እጃቸውን እየሳበ አወጣቸው።

«ምን ዓይነት ሥራ ነው ይኼ? ረፈደብን እኮ!» ብሎ ከፊተኛው ፉርጎ የመጣ አንድ ባለ ከረባት ጮኸ።

«አፍህን ያዝ! አንተንማ ማሽኑ ቆጥሮሃል!»

እህቱ መጨረሻ ላይ ወጣች። ትንፋሿ እስኪመለስ ወንበር ተደግፋ ቆየች። የበርበሬው ስልክ ኪሱ ውስጥ ይጮኻል፤ ከቢሮ ነው። ዛሬውኑ እንደሚባረር ለሁለቱም ገብቷቸዋል።

«ነገስ?» አለችው። «ነገ ማን ያቆምልናል?»

ንዴቱ ገና አልበረደለትም፤ የሚጮኸውን ስልክ ትቶ የኋላውን በር በቁልፉ ዘጋ።