ከርቤ የሸተተበት ቤት

እኔ ከርቤ አልወድም። የልጅ ልጆቼን ሆዳቸውን ሲቆርጣቸው በጥብጬ አጠጣቸዋለሁ፣ ቁስል ሲያወጡም አጥብበታለሁ፤ ግን ፊቴን አዙሬ ነው። «ሰው እንዴት ከመድኃኒት ይጣላል?» እያሉ ይስቁብኛል። የሳቀ ይሳቅ! እኔ የማውቀውን አውቃለሁ።

ጣልያን የደሴን መንገድ በሚያሠራበት ጊዜ ነው። ቤታችን ከሸዋ ሮቢት ወረድ ብሎ፣ ማሽላው መሀል ነበር። ባሌ ዱር ቤቴ ብሎ ወጥቶ፣ እኔ ከአማቴ ጋር ቀርቼ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። ሴት ነበረች። ስም ሳይወጣላት ትኩሳት ይዟት ሞተች። ወተቴ እንዲደርቅ አማቴ ከርቤ ወቅጠው ጡቴን ይቀቡኝ ጀመር። በዚያ ክፉ ጊዜ ሰው መሰብሰብ ያስጠረጥራልና ልጄን በወጉ እንኳ አላለቀስኳትም።

ሐዘኔ ሳይበርድ፣ አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ፣ ሱብሒ ላይ፣ ጓደኞቹ ባሌን በቃሬዛ አምጥተውት ተመለሱ። የጣልያን ካሚዮን ሲመቱ ጭኑን ጥይት አግኝቶታል። ከማሽላው ጎታ ጀርባ፣ ጎታውና ግድግዳው መሀል ባለችው ጠባብ ቦታ አጋደምነው። አማቴ ከርቤ በውሃ በጥብጠው ጠዋት ማታ ያጥቡታል፤ ዱቄቱንም ይነሰንሱበታል። «ቁስለኛ መርዶ አይሰማም፤ ከሰማ ቁስሉ ያመረቅዛል» ይሉ ነበር። በዚህ ነገር ከሳቸው ጋር ክርክር የለም።

ገና ዓይኑን እንደገለጠ «ወለደች?» አለ።

«አዎ ልጄ፣ ሴት» አሉት።

«የታለች?»

«ለቅሶዋ ሰው እንዳይጠራብን ማጀቴ ከተማ አክስቷ ጋ ልከናታል። እሷም አራስ ናት፣ ታጠባታለች።»

ወላሂ፣ ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም! እኔ ማሰሮውን አንስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ።

እዚያው እንደተኛ በአያቱ ስም ስም አወጣላት። ሲነጋ በስሟ ጠርቶ «እንዴት አደረች?» ይለኛል። «ደህና አደረች» እላለሁ። «ዝም ብለህ ተኛ!» ብዬ ስቆጣው፣ «አንቺ አራስ ነብር!» ይለኛል እየሳቀ። ባይስቅ ይሻለኝ ነበር።

መከራችን ሽታው ነበር። ባንዳ ያገር ልጅ ነው፤ በጥይት የተመታ ሰው ያለበት ቤት ከርቤ እንደሚሸት ያውቃል። ከወንዙ ማዶ አንዱን ቤት በዚሁ ሽታ ደርሰውበት፣ ቁስለኛውንም አባወራውንም ገድለው ቤቱን አቃጥለውታል። አማቴ ያን ሽታ ለመሸፈን በዚያ የሮቢት ሙቀት ኩበት ያጨሱ ነበር። ከርቤ በኩበት ይሸፈናል? እንዲያው ዓይናችን ጠፋ እንጂ።

አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ዙሁር ሳይሰገድ፣ ባንዶቹ ከአንድ ጣልያን ጋር መጡ። ጣልያኑ ደጅ ከግራሩ ጥላ ሥር ቆመ፤ የባንዶቹ አለቃ ብቻውን ገባ። አማርኛው የኛው ነው። በሩ ላይ ቆሞ አየሩን ሳበና «ከርቤ ነው?» አለ።

«አራስ አለች፣ ለሷ ነው» አሉ አማቴ፣ መደቡ ላይ ወደተቀመጥኩት ወደኔ እያመለከቱ።

«እሰይ። ልጁስ?»

አማቴ ጎንበስ ብለው ኩበቱን መቆስቆስ ያዙ። ሞታለች ቢሉ ልጃቸው ይሰማል። ማጀቴ ናት ቢሉ፣ አራስን ከጨቅላዋ የሚለይ ማን ነው ብሎ ይጠረጥራል። ሰውዬው ሳቅ አለና ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ወደ ጎታው ተራመደ። ባሌ ከጎታው ወዲያ ነው። ሁለት እርምጃ ቢጨምር ያየዋል።

ምን እንደያዘኝ አላውቅም፣ ተነስቼ ፊቱ ተገተርኩ። «ልጁስ ትለኛለህ? ሞታለች! ቀብሬያታለሁ! ካላመንክ ሂድና መቃብሯን ቆፍር!» አልኩት። የቀሚሴን ደረት በሁለት እጄ ይዤ አሳየሁት፤ በወተትና በከርቤ ቡኒ ሆኗል። «ወተቱ አልደርቅ ብሎኝ የምቀባው ነው! ና ሽተተኝ! ምን ታፍራለህ?»

እያንዳንዷ ቃል ከጎታው ጀርባ እንደምትሰማ አውቃለሁ። ባልናገር ባሌ ይሞታል፤ ሰምቶ አንድ ጊዜ ቢያቃስት ደግሞ ሁላችንም አለቅን። ከዚያ ወዲያ ያ ያላለቀስኩት ለቅሶ ገንፍሎ መጣ። «ልጄን! ልጄን!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ። ማስመሰል አልነበረም። ጆሮዬ ግን ጎታው ጋ ነው፤ ከዚያ ወገን ትንፋሽ እንኳ የለም።

ሰውዬው ዓይኑን ሰበረ። «እግዜር ያጥናሽ» ብሎ ወጣ። ደጅ ለጣልያኑ ምን እንዳለው አልሰማሁም፤ ብቻ ሄዱ።

ኮቴያቸው እስኪርቅ ጠብቀን ወደ ጎታው ጀርባ ሮጥን። ባሌ የጋቢውን ጫፍ አፉ ውስጥ ወትፎ ነክሶታል፤ ከንፈሩ ደምቷል፣ እንባው በሁለቱ ጆሮዎቹ ይወርዳል። መንጋጋው አልላቀቅ ብሎኝ ጨርቁን በግድ አወጣሁለት።

«ዛሬ ጠዋት ደህና አደረች አላልሽኝም?» አለኝ።

ከንፈሩን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩለት። አማቴ ከርቤውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ እጃቸውን ገፋቸው። ሲመሽ ግን ፈቀደላቸውና አጠቡት።

ቁስሉ መርዶውን ሰምቶም ዳነ፤ ባሌ እያነከሰ ብዙ ዘመን ኖረ። ጣልያን ከወጣ በኋላ ሌላ ሴት ልጅ ስወልድ፣ አማቴ ደስ ብሏቸው ያን ስም ጠሩና «እሱን እናውጣላት» አሉ።

«እሱ ስም ባለቤት አለው» አላቸው ባሌ። ለልጅቷ ሌላ ስም አወጣንላት።