ሰላምታና ዳገት

«ቆሜ ጉልበት ልሳም ወይስ ልሩጥ? አንዱን ይንገሩኝ አባባ» አለች እህቴ፣ ሸራ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ።

አባታችን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «እኔም በልጅነቴ ሮጫለሁ። ሰው ዘልዬ ግን አላለፍኩም።»

«እርስዎ የሮጡት ጥጃ ሲያባርሩ ነው።»

«ጥጃውም ቢሆን ሰው ፊት ሲደርስ ይቆማል።»

እኔ ሳቅሁ። አባባ ዞር ብለው አዩኝ፤ ሳቄን ዋጥኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጠዋት ከዳገቱ አናት ላይ የሚኖሩት ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ፣ እህቴ እንደ ጥይት በፊታቸው ታልፋለች። እኛ አገር ትልቅ ሰውን በሩጫ የሚያልፍ መርዶ የያዘ ብቻ ነው። ሽማግሌው የበግ ጠጉር ባናቸውን ደርበው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው የሞተውን ሰው ለመጠየቅ ቤታችን መጡ። ማንም እንዳልሞተ ሲሰሙ ይብሱን ተቀየሙ። «ሰው ሞቶ ቢሆን ይቅር እላት ነበር» ብለው ሄዱ። ይህንንም ያሉት ቄስ ለሆኑት ለአባባ፣ ስለ ገዛ ልጃቸው ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚያ መንገድ አትሮጪም» አሉ አባባ።

ወረዳው ያዘጋጀው ሩጫ ከሞላሌ ከተማ ተነስቶ፣ በእኛ ሰፈር አልፎ፣ ያንኑ ዳገት ወጥቶ በሌላው በኩል ወደ ሞላሌ የሚመለስ ነበር። ከሴቶቹ ቀድመው የሚገቡት ሁለቱ ደብረ ብርሃን ሄደው ከዞኑ ቡድን ይቀላቀላሉ። እህቴ በአስረኛ ክፍል ፈተና ነጥብ አልመጣላትም። ከዚያ ወዲህ ከሩጫው ሌላ ነገር ስታወራ ሰምቻት አላውቅም። ዳገቱን ከተከለከለች ሁሉንም ነገር ተከለከለች ማለት ነው።

አሰልጣኟ እኔ ነበርኩ። ማን እንደሾመኝ አላስታውስም። እውቀቴ ከሬዲዮ የሰማሁት ስፖርትና የራሴ ግምት ሲሆን፣ የቀረውን በግጥም እሞላው ነበር። መጀመሪያ ፉከራ ጻፍኩላት። ፉከራዬን እያለች ከሰፈር እንደ እሳት ወጣች፤ ከዳገቱ ወገብ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ግጥምህ ጥሩ ነው፤ ሊገድለኝ ነበር እንጂ» አለችኝ። ያን ቀን ቅር ብሎኝ ዋልኩ። በማግስቱ ግን ለእግር የሚሆን ዘገምተኛ ግጥም ይዤ መጣሁ፦

ቀስ በል እግሬ ቀስ በል፣ አትቸኩል ለዳገት፣
ንቅንቅ ብሎ አያውቅ፣ ከቆመበት ዕለት።

ይህንን በሆዷ እያለች፣ እርምጃዋን አሳጥራ፣ ሳትቆም አናቱ ላይ ወጣች። ከጻፍኩት ሁሉ ለሰው የጠቀመ ግጥም እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ውሃውንም እንዲሁ በስህተት ነው የተማርነው። መጀመሪያ ቀን ከመነሳቷ በፊት አንድ ጆግ ሙሉ አስጠጣኋት፤ ከኋላዋ ስከተል ሆዷ እንደ እንስራ ሲንቦጫቦጭ ይሰማኝ ነበር። በሁለተኛው ቀን ጭራሽ ከለከልኳት፤ የመንዝ ብርድ ጥምን ይደብቃልና ሳይታወቃት ራሷን አዞራት። በመጨረሻ ጨውና ስኳር ጣል የተደረገበት ቀጭን በሶ፣ ጎንጨት እያሉ ማለፍ ደህና ሆኖ ተገኘ።

ሰላምታው ግን በበሶ የሚፈታ አልሆነም።

«ሰላምታውን እኔ ልወጣላት» አልኩ ለአባባ። «ከኋላዋ እየሄድኩ በየደጁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አባባ ጢማቸውን ዳበሱ። «እስቲ ሞክሩ» አሉ። «ስለ ውድድሩ ቀን ግን ምንም አላልኩም።»

ሞከርን። እሷ ትሮጣለች፤ እኔ ከኋላ በየደጁ እቆማለሁ። እንዴት አደራችሁ፣ እህቴ ናት፣ ማንም አልሞተም፣ ለውድድር ነው። በመንዝ ደግሞ ደጅ የቆመን ሰው በባዶ አፍ መሸኘት ነውር ነው። አንዷ ጠላ ትሰጠኛለች፤ የእሷን ጠጥቼ የጎረቤቷን እምቢ ማለት አልችልም። ዳገቱ አናት ስደርስ ቀትር ሆኗል፤ ዳገቱም ትንሽ ይወዛወዛል። እህቴ ዙሩን ጨርሳ፣ ቤት ገብታ፣ ምሳዋን በልታለች።

ሽማግሌው ሰላምታዬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። «አንተ የተባረክ ልጅ ነህ» አሉ። «እኔ ግን ሰላምታ በተላላኪ አልቀበልም።»

በሚቀጥለው ቀን እህቴ ራሷ ሞከረችው። አናቱ ላይ ስትደርስ «እንዴት አደሩ» ብላ ጮኸች። ሽማግሌው ተነስተው ቆሙ። «ደህና፣ አንቺስ? አባትሽስ? ከብቱስ?» እሷ «ደህና» እያለች ቁልቁለቱን ወረደች፤ የመጨረሻውን «ደህና» ከታች ገደሉ ነው የመለሰው። ቤት ስትደርስ ጎኗን ይዛ ነበር። «ትንፋሼን በልተውት ቀሩ» አለች። ሽማግሌውም አመሻሹ ላይ፣ ጥያቄያቸውን ሳይጨርሱ እንደተሄደባቸው ለአባባ ነገሯቸው።

አባባ እስከ ደጅ ሸኟቸው። 

የውድድሩ ቀን ንጋት ላይ እህቴ ጫማዋን አጥብቃ አስራ መደቡ ላይ ተቀመጠች። ያለ አባባ ቃል እንደማትነሳ አውቃለሁ፤ እሷም እንደማውቅ ታውቃለች። አባባ ግድግዳውን ተደግፈው ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ያን ያህል ቀስ ብለው ሲደግሙ ሰምቼ አላውቅም።

«አነሳስሽ ላይ እንዳትቸኩዪ» አልኳት።

«አንተ ዝም በል።»

አባባ ዳዊቱን ከማኅደሩ ከተቱ። መስቀላቸውን ኪሳቸው ውስጥ አደረጉ፣ ነጠላቸውን አጣፉ፣ ከዚያም ለእህቴ ያዘጋጀሁትን የበሶ ጀሪካን አነሱ።

«ወዴት ነው አባባ?» አለች።

«ዳገቱ ላይ።»

«ሩጫው እኮ ገና ረፋድ ላይ ነው።»

«ታዲያ እኔ በመንገድ ያለውን ሁሉ ሰላም ብዬ፣ መስቀል አሳልሜ እስክደርስ መቼ ሊሆን ነው? ከሽማግሌው ጋር ደጃቸው ተቀምጠን እንጫወታለን። ስትደርሺ በሶውን ከእጄ ተቀበዪ፣ ጎንጨት በዪና እለፊ።»

እህቴ አፏን ልትከፍት ስትል ጣታቸውን አነሱ።

«እዚያ ብትቆሚ ግን እቆጣሻለሁ» አሉ። ከመቃኑ በታች ጎንበስ ብለው ወጡ፤ በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።